ውሃ ያልነካ ባልዲ

በዚያ ዓመት ዝናብ አልጣለም። በቀደመውም ዓመት አልጣለም፤ ከዚያ በፊት በነበረው የጣለውም አፈር አላራሰም። መጀመሪያ ኩሬው ደረቀ። ከዚያ በጎች ሞቱ። ከዚያ የበረሃውን ዛፍ የኬጅሪን ቅርፊት ልጠን፣ ፈጭተን፣ ከማሽላ ዱቄት ጋር ቀላቀልነው። ሆድ ይሞላል፤ አያጠግብም። ግመል ያላቸው አገር ለቀው ሄዱ። የቀረነው አርባ ቤት ነበርን፤ የቀረልን ጉድጓድ አንድ ነበር።

ጉድጓዱ ሌሊት ጥቂት ያመነጫል፤ ቀን እንቀዳዋለን። በቀን ከአሥራ ስድስት ቤት በላይ አያጠጣም። ተራ ወጣ። ሰው ከፈለገ ተራውን ከኋላው ላለው መልቀቅ ይችላል፤ ግን ሽማግሌዎች አንድ ሕግ አኖሩ። የምትለቀው ባልዲህ ውሃ ሳይነካ ነው። ባልዲህ ከነካ ተራው ተበልቷል። ግማሽ ቀድተህ ብትሄድም የቀረው ለማንም አይተላለፍም፤ ለነገው ሰልፍ ይቀራል። ሕጉ የመጣው ሰዎች ጥቂት እየቀዱ የቀረውን ለዘመድ ስለሚያወርሱ ነበር። ነገ የሚሰለፈው እዚያ ቆሞ አይከራከርም፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ተከራከሩለት።

ልጄ ማንግላ ያኔ የስምንት ወር ሕፃን ነበር። ተቅማጥ ያዘው። የእኔ ተራ የማግሥቱ የመጀመሪያ ነበር፤ ቤት ውስጥ አንድ ኩባያ ውሃ የለም። ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ለመለመን አይደለም፤ ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ነው። የዕለቱ የመጨረሻ ባለ ተራ ጎረቤቴ ጄታራም ነበር። ባልዲውን ጉድጓዱ አፍ ላይ አንጠልጥሎ አየኝ።

"ልጁስ?" አለ።

"ብሶበታል" አልኩ። ባልዲውን ወደ ላይ ሳበውና ታችኛውን ጎኑን ለቆመው ሰው ሁሉ አሳየ። ደረቅ ነበር።

"አልነካም" አለ። "ቅደም።"

እሱ የእኔን የማግሥት ተራ ወሰደ። የነበረችው አንዲት ላም ግን እስከ ማግሥት አልጠበቀችም፤ በውሃ ጥም ሞተች። ልጄ ተረፈ። ጄታራም ስለ ላሟ አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። እኔም ከዚያ ወዲህ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ከጄታራም ቀድሜ በር አልገባሁም፤ ከጄታራም ቀድሜ ውሃ አልቀዳሁም። ይቀልድብኛል። "አንተ ሰው፣ ጅራት ሆነህብኝ ቀረህ" ይላል።

የጄታራም የመጨረሻ ልጅ ፓሩ ትባላለች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሏ ጥሏት ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ የሚከፍሏት ለአባቷ የእግር መድኃኒት እንኳ አይበቃም። የመንግሥት ሥራ ፈተና አራት ጊዜ ተቀምጣለች። ሁለቴ ወደቀች። አንዱ ጥያቄው ቀድሞ መሸጡ ተደርሶበት ተሰረዘ። አራተኛው የፓትዋሪነት ፈተና ነው። ፓትዋሪ የመሬት መዝገብ የሚይዝ ሰው ነው። ትንሽ ሹመት ናት፤ ግን ያለ እሱ እጅ እርሻ አይሸጥም፣ አይወረስም። ዕድሜው አርባ የሞላ ሰው አይፈተንም። ለፓሩ ከዚህ በኋላ ሌላ ፈተና የለም።

የልጄ የማንግላ ልጅ ሐድማንም አብሯት ተፈተነ። ሂሳብ ያስተማረችው እሷ ናት። ያጠናውም በእሷ ደብተር ነው።

ማስታወቂያው ዘጠና ቦታ ይላል። ዝርዝሩ ሲወጣ ሐድማን ሰማንያ አራተኛ ሆነ። ፓሩ ዘጠና አንደኛ፤ የተጠባባቂዎች መጀመሪያ።

"ጥሩ አስተምሬዋለሁ ማለት ነዋ!" ብላ ሳቀች።

ሳቋን ሰማሁ። በዚያ ምሽት ግን ከቤታቸው ጭስ ሲወጣ አላየሁም።

የተጠባባቂዎች ዝርዝር ዕድሜው አንድ ዓመት ነው። ከተመረጡት ሰዎች ሳይገባ የሚቀር ካለ ከዚያ ይጠራል። ዓመቱ ሲያልቅ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ዓመቱ ወደ ማለቁ ሲደርስ ከዘጠናው ሰማንያ ዘጠኙ ገብተው ነበር። ያልገባው ሐድማን ብቻ ነው፤ የትምህርት ማስረጃው ገና ይጣራል ተብሎ ደብዳቤው ዘግይቶበታል።

በዚህ መሀል አርባ ያረጁ ፓትዋሪዎች ጡረታ ወጡ። ተጠባባቂዎቹ ተሰብስበው ከሰሱ። አርባ ወንበር ባዶ ነው፣ እኛም ተፈትነን አልፈናል፣ ዝርዝሩ ይስፋልን አሉ። የጄታራም እግር እምቢ ስላለ ፓሩን ይዤ ጆድፑር፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ።

ዳኛው ቀጭን ሰው ነበሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ አዳራሹ በሙሉ ጎንበስ ብሎ ይሰማል። የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፓሩ በጆሮዬ ትነግረኛለች።

"ማስታወቂያው ስንት ይላል?" አሉ ዳኛው።

"ዘጠና፣ ጌታዬ" አለ የእኛ ጠበቃ።

"ታዲያ ዘጠና አንደኛውን በምን ልሹመው?"

"ቦታው ባዶ ነው፣ ጌታዬ። ወንበሩ አቧራ እየጠጣ ነው።"

"ባዶ የሆነው ከማስታወቂያው በኋላ ነው። ዘጠና ብቻ ከሆነ አይደርሰኝም ብሎ የተወ አለ። ያን ጊዜ ዕድሜው ያልደረሰ አለ። ዛሬ እዚህ አልቆሙም። ስላልቆሙ አልቁጠራቸው?"

ጠበቃው ወረቀቱን ገለጠ። "ቢያንስ ገብተው የለቀቁ አምስት ሰዎች አሉ፣ ጌታዬ። የእነሱ ይሰጠን።"

"ገብተው ፈርመዋል?"

"ፈርመዋል።"

"እንግዲያው ቦታቸው ተሞልቶ ነበር። ተሞልቶ የተለቀቀ እንደ አዲስ ክፍት ይቆጠራል፤ ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ይሄዳል። ተጠባባቂ የሚጠራው የተመረጠው ሰው ጭራሽ ሳይገባ ሲቀር ነው።"

ፓሩ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔ ግን የጄታራምን ባልዲ አየሁ።

ክሱ ወደቀ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ፣ "ተናደድሽ?" አልኳት።

"በማን ልናደድ፣ አጎቴ? ዳኛው ልክ ናቸው። የዛሬ ተማሪዎቼ ነገ ይፈተኑ የለ? የእነሱን ነው የጠበቁት።" ቲኬቱን በጣቷ አጣጠፈችው። "ልክ መሆናቸው ነው የከፋው" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እስክንደርስ አልመለሰችውም።

በሳምንቱ የሐድማን ደብዳቤ መጣ። በሃያ ቀን ውስጥ ቀርበህ ሥራ ጀምር ይላል። የተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ሊሞት የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነበር።

ሐድማን የባቡር ሥራ ፈተናም አልፏል። ሐኪሞች አይተውታል፤ የቀረው የቅጥሩ ደብዳቤ ነው። የባቡሩ እንደሚሻል ሕፃን ያውቃል። መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም።

ጄታራም በትሩን ተደግፎ፣ ጥቁር ስኳር በጨርቅ ቋጥሮ መጣ። ፓሩ ከኋላው ነበረች።

"እሰይ የእኔ አንበሳ!" አለው ሐድማንን። "እንግዲህ ሞኝ እንዳትሆን። ግባና ያዝ! የባቡሩ ሲመጣ ትለቃለህ፤ ያኔ ወንበሩ ለፓሩ ይወርዳል። የሁላችንም ሠርግ ነው።"

እኛ አገር ሰው ሁሉ የሚያስበው እንዲህ ነው። ያዝ፤ የተሻለ ሲመጣ ልቀቅ፤ ከኋላህ ያለው ይገባል። በዚህ ስንት ሰው ለጎረቤቱ በጎ የሠራ እየመሰለው በር ዘግቶበታል። ፓሩን አየኋት። እሷም አየችኝ። ሁለታችንም ፍርድ ቤቱ ውስጥ ነበርን። አባቷን አላረመችውም። ስኳሩን ለሐድማን በእጇ አጎረሰችውና ወጣች።

ስላልለመነችኝ ከበደኝ።

ሲመሽ ሐድማንን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ስለ ጉድጓዱ ነገርኩት። ከዚያ በፊት ነግሬው አላውቅም። ዳኛው ያሉትንም ነገርኩት።

"ከገባሁ እንግዲህ ቀረባት" አለ።

"ቀረባት።"

"ዝም ብዬ ብቀርስ፣ አባባ?"

"ሃያውን ቀን ይጠብቁሃል። ዝርዝሩ በአሥራ ሁለተኛው ይሞታል።"

"ስለዚህ አልገባም ብዬ መጻፍ አለብኝ። የባቡሩ ሳይመጣ።"

"አዎ።"

"ባይመጣስ?"

"ባይመጣ ሁለቱንም አጣህ። እንዲህ አድርግ አልልህም። ዕዳው የእኔ ነው፤ ከፋዩ ግን አንተ ነህ። ይህ ልክ አይደለም፤ አውቃለሁ።"

ምራቴ፣ የሐድማን እናት፣ በአገራችን ወግ እኔ ባለሁበት ሻሿን እስከ አገጯ ታወርዳለች። ከእኔ ጋር ቃል አትለዋወጥም። የምትለውን ለፍየሏ ትላለች።

"ሰማሽ አንቺ ፍየል?" አለች። "እዚህ ቤት የበሰለውን ቂጣ ለጎረቤት ሰጥተው፣ ያልተቦካውን ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።"

"ንገሪያት፣ ፍየል" አልኩ እኔም። "ባሏን ያቆመው ያ ውሃ ያልነካ ባልዲ ነው።"

ፍየሏ ገለባዋን አኘከች። ምራቴ ፍሙን አመድ አለበሰችው።

"እንግዲያው ፍየል" አለች በመጨረሻ፣ "ጠዋት ለመንገዳቸው የሚሆን ቂጣ ልጋግር። ባዶ ሆዳቸውን ሄደው ደግሞ እንዳያሳፍሩን።"

ሐድማን መብራቱን አቅርቦ ጻፈ። ሦስት መስመር ነው። ሁለቴ ቀደደው። ሦስተኛው ቀረ። 

በማግሥቱ የወረዳው መሥሪያ ቤት ስንደርስ ጸሐፊው ደብዳቤውን አነበበ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እንደገና አነበበ።

"ልጅ፣ ደህና ነህ? ሰው እዚህ በር ላይ ሥራ ፍለጋ ጫማው ያልቃል።"

"ደህና ነኝ።"

"እንግዲያው እኔን ስማኝ። ግባ። ሁለት ሦስት ወር ደሞዝ ብላ። ካልጣመህ ልቀቅ። ሁሉም የሚያደርገው ይህን ነው።"

"ከገባሁ ቦታው ለተጠባባቂዋ አይደርስም።"

ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ። "ይህን ማን ነገረህ?"

"አያቴ።"

"አያትህ ጠበቃ ናቸው?"

"ውሃ ቀጂ ነኝ" አልኩት። "ግልባጩ ላይ ማኅተም አድርግልን። ቀኑንም ጻፍበት።"

አደረገልን። ሐድማን ግልባጩን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቂጣውንና አሬራውን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ በላን። የባቡሩን ነገር አንዳችንም አላነሳንም።

የሐድማን ደብዳቤ በመጣ በስምንተኛው ቀን ፓሩ ተጠራች። ለዝርዝሩ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

የባቡሩ ደብዳቤ የመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ሐድማን ከአባቱ ጋር ድንጋይ ሲፈልጥ ከረመ። አልተጸጸትኩም ብል እዋሻለሁ። ማታ ሲመጣ መዳፉን አይቼ የተጸጸትኩባቸው ቀኖች አሉ። እሱ ግን አንድ ቀን አላነሳብኝም።

ለጄታራም አልነገርነውም ነበር። ፓሩም ገብታ እስክትፈርም ዝም አለች። የፈረመች ዕለት ማታ ሁሉንም ነገረችው።

በማግሥቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ አገኘኝ። አሁን ጉድጓዱ ተደፍኗል፤ ውሃ በቧንቧ በየሁለት ቀኑ ይመጣል፤ ሰልፉ ግን ያው ሰልፍ ነው። ጄታራም በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ።

"አንተ ሌባ" አለኝ።

"ምን ሰረቅኩህ?"

"ሠላሳ ስምንት ዓመት ባልዲዬን ይዘህ ኖርክ? እኔ እኮ ረስቼው ነበር።"

"አልረሳህም።"

በትሩን ነቅሎ ዞረ።  ከዚያ ወደ ሜዳው እያየ፣ "ላሟ ቀይ ነበረች" አለ። "ግንባሯ ላይ ነጭ ነበራት።"

"አስታውሳለሁ። ግራ ቀንዷም ጎባጣ ነበር።"

"ጎባጣ ነበር" አለ።

ቧንቧው ተንፈቀፈቀና ውሃው መጣ። እኔ እንደ ልማዴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ጄታራም በትሩን ወገቤ ላይ አሳረፈ።

"ቅደም" አለ።

"አንተ ቅደም።"

"ተከፍሎኛል፣ አንተ ግትር ሽማግሌ! ቅደም አልኩህ። ሰው ይጠብቃል።"

ከኋላችን የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። እንስራዬን ቧንቧው ሥር አስቀመጥኩ።