አርባ አንድ ልጆች፣ ስድስት ተረት

ችኩል መሆኔን እናቴም ነግራኛለች፣ ባለቤቴም ነግሮኛል፣ ዳይሬክተራችን ደግሞ በጽሑፍ ነግሮኛል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ያለው ሰው እኔን የመሰለች ጎረቤት ሳትኖረው አትቀርም። ባለፈው ጥር ያፈሰስኩት ግን በቀላሉ የሚለቀም አልነበረም። ያፈሰስኩት ቃሌን ነው።

አልታየች እባላለሁ። አንኮበር ላይ አምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አርባ አንድ ልጆች አሉኝ። አብዛኞቹ የከተማው ናቸው፣ አንዳንዶቹ የካህናት ልጆች ናቸው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ከቆላው ከአልዩ አምባ መጥተው ዘመድ ቤት እየኖሩ ይማራሉ። መስከረም ላይ «ስለ ቤተሰባችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ» ስላቸው አርባ አንዱም እርሳሳቸውን ነክሰው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ደወል ተደወለ።

ኅዳር ላይ ለሙከራ አሥር ታብሌቶች መጡልን። በኢንተርኔት የሚሠራ የተረት መጻፊያ አለባቸው። ልጁ ሥዕል ይመርጣል፣ ከሥዕሉ ሥር በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ገጽ ይጨምራል። ሲጨርስ ሽፋኑ ላይ ስም ያለበት መጽሐፍ ሆኖ ይወጣል፤ የድምፅ ምልክቷን ሲነካት ደግሞ ታብሌቱ ራሱ ያነብለታል። ለጀማሪዎች ተብሎ ስድስት ናሙና ተረቶች ተቀምጠዋል። ኔትወርክ የሚገባው ገደሉን በሚያየው መስኮት በኩል ብቻ ስለሆነ ልጆቹ በየተራ እዚያ ይታፈጋሉ። የአልዩ አምባ ልጆች ታብሌቱን «ሉህ» ይሉታል፤ ቁርኣን የሚቀሩበትን የእንጨት ሰሌዳ ማለታቸው ነው። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። ሙከራው ሲያበቃ ልጆቹ የራሳቸውን ተረት መጻፍ ከቻሉ ታብሌቶቹ ይቀሩልናል፤ ካልቻሉ መዘዞ ወዳለ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ጥር ላይ አንድ ረቡዕ የልጆቹን ሥራ ከፈትኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት የራኒያን ነበር። ራኒያ የዓወል ልጅ ናት። ዓወል የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ እሷ እዚህ አክስቷ አፊፋ ቤት ትኖራለች። ጀልባ ስለሠራች ጥንቸል ስምንት ገጽ ጽፋለች፤ አንድ ስህተት የለበትም። ሁለተኛው ስለ ደመና ነበር፣ ሦስተኛው ስለ ጠፋ ጫማ። ሁሉም ያማረ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ እውነቴን ነው። አራተኛውን ሳልከፍት ስልኬን አንሥቼ ሱፐርቫይዘራችን አቶ ሠረቀብርሃን ዘንድ ደወልኩ። ልጆቼ ደራሲ ሆኑ አልኩት። እንዳያምነኝ ፈርቼ የራኒያን ጥንቸል በቴሌግራም ላክሁለት። እሱም በጣም ደስ አለው፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ከደብረ ብርሃን የሙከራውን ኃላፊ ይዞ እንደሚመጣና ያን ቀን ውሳኔው እንደሚሰጥ ነገረኝ።

በማግስቱ የቀሩትን ማንበብ ጀመርኩ። ሰባተኛው ልጅ ጥንቸል ጻፈ። አሥረኛዋም ጥንቸል። ከዚያ ደመና፣ ጫማ፣ ጥንቸል፣ ደመና። የዘሥላሴ መጽሐፍ ጋ ስደርስ ሽፋኑ ላይ «ኤሚሊ» ይላል። ኤሚሊ የምትባል ተማሪ የለኝም። ናሙናዎቹን ከፍቼ አየሁ። የመጀመሪያው ናሙና የጥንቸሏ ጀልባ ነው፤ ከሥሩ የጻፈችው ሰው ስም አለ፤ ኤሚሊ። አርባ አንዱ ልጆቼ ስድስቱን ናሙናዎች ነጥብ ሳያስቀሩ ገልብጠዋቸዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የኔ ደግሞ ከአፍም ወጥቶ በቴሌግራም ሄዷል።

ዓርብ ክፍል ስገባ ደሜ ፈልቶ ነበር። ማነው የገለበጠ ብዬ ጮህኩ። አንገቱን የሚደፋ መስሎኝ ነበር፤ አርባ አንዱም በኩራት እጃቸውን አወጡ። ዘሥላሴን ለምን የሌላ ሰው ስም እንደጻፈ ጠየቅሁት። የደከመችበት ኤሚሊ ስለሆነች ስሟን መፋቅ ድፍረት መስሎት ነው። ራኒያ አለቀሰች። የሳተችው ፊደል ያለ መስሏት ነበር። መድረሳ ውስጥ አንድ ሐርፍ፣ ማለት አንድ ፊደል፣ የጣለ ልጅ ከመጀመሪያው እንዲጀምር እንደሚደረግ፣ እሷ ግን ሦስት ጊዜ እንዳመሳከረች በሳግ መሃል ነገረችኝ። ዳዊት የሚደግሙት የካህናት ልጆችም እኛም እንዲሁ ነን ብለው መሰከሩላት። ማንም አላታለለኝም። በሚያውቁት መንገድ እጅግ ጥሩ ተማሪ ሆነውልኝ ነበር። እኔ ግን ንዴቴ ስላልበረደ ሁላችሁም ሰኞ ወላጅ አምጡ አልኩ።

ሰኞ የመጣው አንድ ወላጅ ነው፤ የዘሥላሴ አባት መሪጌታ ወልደአረጋይ፣ ከእኛ በላይ ካለችው ደብር የቅኔ መምህር። ከተማው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ልጃችንን ለምን ሰደብሽው ሊሉኝ ነው ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። እሳቸው ግን በቅድሚያ ታብሌቱን ለማየት ጠየቁ። ጥንቸሏን ታብሌቱ ሲያነብላቸው ባይገባቸውም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙ። ከዚያ ልጆቹ ሲጽፉ ናሙናው አጠገባቸው ይታይ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ፣ እዚያው ጎን ለጎን ነው አልኳቸው። ሳቁ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም» አሉ። «ዳዊት የሚደግም ልጅ ፊደል ከለወጠ ይመለሳል። ዘሥላሴን እንዲያ አድርጌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጓደኛውን ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ እንኳን ሊመሰገን ቀና ብሎ አያየኝም። የራሱን የትናንቱንም ቢሆን ዛሬ አልቀበለውም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚያስጀምሯቸው፣ የኔታ?»

«መንገዱን አሳያቸዋለሁ። ከዚያ ለየብቻቸው ይወጣሉ፤ አንዱ ከጥድ ሥር፣ አንዱ ከካብ ሥር። የኔ ቅኔ አብሯቸው አይሄድም። መጀመሪያ ሁለት ቤት ብቻ ነው የምጠይቀው፣ ጉባኤ ቃና። አንቺ ጉባኤ ቃና ያልቆጠረውን ልጅ መወድስ አምጣ ብለሽዋል።»

መወድስ ስምንት ቤት ነው፣ ከረጃጅሞቹ ቅኔዎች አንዱ። እኔም ያዘዝኳቸው ስምንት ገጽ ነበር። አፈርኩ፤ እፍረቱ ግን ንዴቴን ይዞልኝ ሄደ። ሲነሡ በሩ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ጨመሩልኝ። የተማሪን ሥራ ሳርም ልጁ ፊቴ ቆሞ መሆን አለበት፤ እሱ በሌለበት ያረምኩት የኔ እንጂ የሱ አይሆንም።

ሐሙስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ታብሌቶቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ልጆቹን ግቢ አስወጣሁና ተራርቀው እንዲቀመጡ፣ እንዳያወሩ፣ በዓይናቸው ካዩት ነገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዘው እንዲመጡ አዘዝኩ። ናሙና የለም። ዳይሬክተሩ ልጆቹ ተቀጥተው ነው ወይ ብሎ አስጠየቀኝ። ብርዱ ያንሰፈስፋል፣ ጉሙ ከቆላው እየወጣ ግማሾቹን ይሸፍንብኛል። የመጀመሪያው ቀን ምርት «ፀሐይ ትሞቃለች» ነበር፤ ያውም ፀሐይ በሌለችበት። የራኒያ ወረቀት ባዶ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አባቷ ሰሞኑን ምን እየሠራ እንደሆነ በአማርኛ ጠየቅኋት። በርበሬ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ በቅሎዋ ላይ እንቅልፍ እንደሚወስደው ነገረችኝ። አንድ ቀን ነቅቶ ሲያይ በቅሎዋ መንገድ ላይ ዞራ ወደ ቤት መልሳዋለች፤ ሚስቱ ገበያው እንዴት ነበር ብትለው ጥሩ ነበር አላት። ይህን ጻፊው አልኳት።

«ይሄ ተረት ይሆናል?»

«ይሆናል እንጂ።»

«ማንም አልጻፈውም እኮ» አለች።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጆቼ ምን እንደቸገራቸው አልገባኝም ነበር። የሚጻፍ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የተጻፈ መሆን ያለበት መስሏቸው ኖሯል። ማንም ስላልጻፈው ነው አንቺ የምትጽፊው አልኳትና ተነሣሁ፤ ተቀምጬ ብቆይ እኔው ልጽፍላት ነበር።

ማክሰኞ ሁለቱ ዓረፍተ ነገር አራት ሆነ። ዘሥላሴ ቅዳሴ ላይ ስላንቀላፋ ዲያቆን ጻፈ፤ ዲያቆኑ ማን እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ረቡዕ ታብሌቶቹን ከፈትኩላቸው። ናሙናዎቹን ከገጹ ላይ ደብቄያቸዋለሁ። ሥዕል ፍለጋ ተያያዙት፤ በቅሎ ስለሌለ ራኒያ ፈረስ መርጣ «ይህ ፈረስ በቅሎ ነው» ብላ ከሥሩ ጻፈች። ከሰዓት አርባ አንድ መጻሕፍት ነበሩኝ፣ አርባ አንድ ዓይነት። ደስታዬ ግን አፍታም አልቆየ፤ እንግሊዝኛው ያስለቅሳል። ቃል ይዘላል፣ ግሱ ይረሳል፣ አባትየው አንዴ «እሱ» አንዴ «እሷ» ነው። ነገ እንግዶች ይመጣሉ። ጣቶቼን በላኝ፤ በአንድ ሰዓት ሁሉን ላጸዳው እችል ነበር። የኔታ በሩ ላይ ያሉኝ ትዝ እያለኝ ታብሌቶቹን መልሼ ቆለፍኩ። ልክ ያደረግሁ አልመሰለኝም፤ ቁልፉን ለዳይሬክተሩ የሰጠሁትም ራሴን ስላላመንኩ ነው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ አቶ ሠረቀብርሃን ከደብረ ብርሃን የመጣችውን ኃላፊ ይዞ ገባ። ቀጠን ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ አቶ ሠረቀብርሃን ስልኩን አወጣና የራኒያን ጥንቸል ከፈተ። በጣም ስለወደዳት ለራሱ ልጅ ሊያነብላት መጻፊያውን ሲከፍት ያችው ጥንቸል ከናሙናዎቹ መሃል ተቀምጣ እንዳገኛት ነገረኝ። ሳይጠይቀኝ በፊት ሁሉንም ተናገርኩ። ሳላጣራ እንደደወልኩ፣ ስድስቱንም ናሙና እንደገለበጡ፣ ባለፉት ሦስት ቀናት ያደረግነውን። ተናግሬ ስጨርስ ትከሻዬ ቀለለኝ።

«እንግዲህ የዛሬውስ ከሌላ ቦታ እንዳልተገለበጠ በምን አውቃለሁ?» አለ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠይቃለሁ። ከዚያ ራኒያ የትኛዋ ናት አለ።

ራኒያ ብድግ አለች። የአባቷንና የበቅሎዋን ተረት ከነስህተቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ያንቀላፋው ዓወል ወደ ቤት ሲመለስ ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አቶ ሠረቀብርሃን ታብሌቱን ተቀብሎ ገጾቹን ወደ ኋላም ወደ ፊትም አገላበጠ። ግንባሩ ተቋጥሯል።

«የኔ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም። ይሄን ከየት ነው የገለበጥሽው?»

«ወላሂ ከየትም አልገለበጥኩም» አለች ራኒያ። ትንሽ አሰበችና ደግሞ፣ «ገልብጬው ቢሆን ይሄን ሁሉ ስህተት እሳሳት ነበር?»

አቶ ሠረቀብርሃን ታብሌቱን አየ፣ ጥንቸሏ ያለችበትን ስልኩን አየ፣ ታብሌቱን መልሶ አየ። ቀድማ የሳቀችው ያቺ ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ ሳቋ ሁላችንንም ይዞን ሄደ። እኔ እያለቀስኩ ነበር የምሳቀው፣ ለምን ብዬ እደብቀዋለሁ። ሴትዮዋ ከመስኮቱ እስከ በሩ እየዞረች ሰባት መጻሕፍት አነበበች፤ የዘሥላሴ ዲያቆን ጋ ስትደርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማንም ሳይጠይቃት ታብሌቶቹ እዚሁ ይቀራሉ ብላ ለአቶ ሠረቀብርሃን ነገረችው፣ እሱም ጻፈው። የሰባት ቀን አየር አንድ ላይ ከደረቴ ወጣ። እፎይ ስል ድምፄ ተሰማ መሰለኝ፣ የፊት ወንበር ልጆች ዞረው አዩኝ።

ሊሄዱ ሲሉ ሴትዮዋ ስልኳን አወጣችና የበቅሎዋን ተረት እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ ደብረ ብርሃን ላሉት ባልደረቦቿ ልታሳይ ነው። እጄ ኪሴ ገባ። ስልኬን ጨብጬ ግን ቆምኩና ራኒያን አየኋት። ልላከው ወይ አልኳት።

ራኒያ ታብሌቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ገና ነው» አለች። «በቅሎዋ ቤት ደረሰች እንጂ አባቴ ውሸቱን ለእናቴ እንዴት እንደተናዘዘ አልጻፍኩም።»

ሴትዮዋ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ፣ እጠብቃለሁ አለቻት። እኔም ባዶ እጄን ከኪሴ አወጣሁ።