አርባ ዲግሪ

«ኧረ በፈጠረሽ! ልቀቂኝ!» እያለ ጮኸ ሴራሚክ አንጣፊው።

ፊዚዮቴራፒስቷ አልለቀቀችውም። ቁርጭምጭሚቱን ይዛ፣ የደረቀውን ጉልበት ቀስ እያለች ወደ ውስጥ ትገፋለች። ጥግ ላይ የተቀመጠችው እናቱ ብድግ አለች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ብድግ አለች።

«ማዘር፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

«ልጄን ልትገድይብኝ ነው እኮ!»

«አልገድልብዎትም። ጉልበቱ ትንሽ እንዲታጠፍ ነው።»

ፊዚዮቴራፒስቷ የማዕዘን መለኪያዋን ጉልበቱ ላይ አስደግፋ አነበበች። «አርባ ዲግሪ» አለች፣ ፊቷን ቅጭም አድርጋ። «ደህና አድርጎ ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንኳ ዘጠና ያስፈልጋል።»

«ለመንበርከክስ?» አለ ልጁ።

«ከመቶ ሠላሳ በላይ።»

የሴራሚክ ሥራ ማለት መንበርከክ ማለት ነው። ጠዋት የተንበረከከ፣ ማታ ነው ቀና የሚለው። በሥራው ቦታ «ውሃልክ» ነበር የሚሉት፤ እሱ ያነጠፈው ወለል ላይ ብይ ቢያስቀምጡ ንቅንቅ አትልም ነበርና። አንድ ቀን ካርቶን ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ አዳለጠው፤ የጉልበቱ ሎሚ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሐኪሞቹ በሽቦ አሰሩለት። ይሄ ከሆነ ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

«ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጠህን እንቅስቃሴ በቀን ስንት ጊዜ ትሠራ ነበር?» አለችው ፊዚዮቴራፒስቷ።

«የምን እንቅስቃሴ? ያኔ ዶክተሩ ከጀመርኩት በኋላ አስቁሞኝ የለ? ሙሉ እረፍት ብሎ። አይደል እንዴ፣ እማዬ?»

ዶክተሩ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣውም። ያለው ሌላ ነው፤ «ከነገ ጀምሮ ያንቀሳቅሰው» ብሎ፣ ሥዕል ያለበት ወረቀት በእናትየው እጅ አስጨብጦ ነበር። እቤት በገቡ በሁለተኛው ቀን ልጁ ተረከዙን አልጋው ላይ ሊጎትት ሞክሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አንጀቷ አልችል አለ። ወረቀቱን አጣጥፋ ከልብሷ ሥር ወሸቀችና «ዶክተሩ ጋ ደውዬ ነበር፤ ጨርሶ አትንቀሳቀስ ብሏል» አለችው። ከዚያ ወዲያ ምግቡን በአልጋው፣ መታጠቢያውን በአልጋው። እንደ እንቁላል ያዘችው። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዲህ ያለች እናት ከየት ይገኛል!» ሲላት ደስ ይላት ነበር፤ ምን ይደረግ፣ እናት ናት።

«እኔ ነኝ» አለች እናትየው አሁን። «ዶክተሩ እንዲህ አላለም። ወረቀቱን ደብቄብህ ነው። ሲያምህ ማየት አቃተኝ፣ ልጄ።»

ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ቢሰድባት በወደደች።

ፊዚዮቴራፒስቷ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ማዘር፣ እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም። አጥንቱ ገጥሟል፣ ኦፕሬሽኑም ጥሩ ነው። ግን ያልተንቀሳቀሰ ጉልበት ውስጥ ውስጡን ይጣበቃል። እኔ የማገኘው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። የቀረው እቤት ነው የሚሠራው።»

«ይንበረከክልኛል? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«ቃል አልገባም። ዕድል አለው። ግን በየቀኑ ዕድሉ እየጠበበ ነው የሚሄደው።»

«እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አይርዱት።»

«እንዴ!»

«ራሱ የሚደርስበትን ነገር አያቀብሉት። ካላበጠና ካልጋለ በቀር፣ ስላመመው ብቻ አይደንግጡ።»

በታክሲ ተመለሱ፤ እሱ እግሩን የኋላ ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ እሷ ከፊት። ሹፌሩ ስለ መንገዱ መዘጋጋት ብቻውን ሲያወራ መጣ። ዞር ብላ ልታየው ሦስት ጊዜ አሰበች፣ ሦስቱንም ጊዜ ፈራች። ይቅር በለኝ ብትለው ጉልበቱ አይታጠፍ፤ ምን ዋጋ አለው?

እቤት እንደገቡ አልጋው ላይ ሆኖ ተረከዙን መጎተት ጀመረ። አሥር ጊዜ ተብሏል። አራተኛው ላይ ትራሱን ነክሶ አቃሰተ፤ አምስተኛውን አልሞከረም። እሷ በሩ ላይ ቆማ ትቆጥር ነበር። በጣቷ ልትነካው እንኳ አልደፈረችም።

ቆይቶ ሊነሳ ሲል ክራንቹ ከግድግዳው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«አቀብይኝ» አለ። ከክሊኒኩ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

እጇ ሳይታዘዝ ሄደ፤ ጎንበስ ብላ ክራንቹን ልትነካ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ከአልጋው ሩቅ አይደለም። ጉልበቱን ቢያጥፍ ይደርስበታል። ቀና አለች።

«እማዬ?»

«አንተ አንሳው።»

«ቀልዱን ተይ። ያመኛል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?» ድምፁ ከፍ አለ። «እስከ ዛሬ ያደረግሽኝ አይበቃም? ደግሞ ክራንች ልትነፍጊኝ?»

የተናገረው እውነት ነው። እግሯን ብትሰነዝር ክራንቹን ወደ እሱ ገፋ ታደርገዋለች፤ ማን ይወቅሳታል? ልጁ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ዝቅ ማለት ጀመረ። ጉልበቱ ትንሽ ታጠፈና እምቢ አለ፤ ጥርሱን ነክሶ ገፋው፤ ጮኸ።

እናትየው ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሸቀች፤ ከቆመችበትም ንቅንቅ አላለችም።