ማንነቱ እንዳይታወቅ

ወንድሜ ፎቶ መነሣት አይወድም ነበር። ካሜራ ሲያይ ወይ ጀርባውን ይሰጣል፣ ወይ ከሰው ኋላ ይሸጎጣል። በገዛ ሠርጉ ፎቶ እንኳ ሚስቱ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ቆማ፣ እሱ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። "መሬት ላይ ምን ጠፍቶህ ነው?" እያልኩ ስንቴ ስቄበታለሁ። የመታወቂያው ፎቶም ቢሆን ከሥራ ሱሪው ጋር ታጥቦ ነጭ ሆኗል። ቀለም ቀቢ ስለነበር ሱሪው ሳይዘፈዘፍ የሚያድርበት ቀን የለም።

ከዚያ አንገቱ ሥር እብጠት ወጣበት። ሆስፒታሉ አይቶት የማያውቅ ዓይነት በሽታ ነው ተባለ። ዶክተሩ ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹን አስከትሎ ይመጣና "እንዲህ ያለ ኬዝ ሁለተኛ አታገኙም!" ይላቸዋል። እኛ ሞኞቹ ደግሞ ደስ አለን። እንዲህ ከወደዱትማ ያድኑታል አልን።

አንድ ቀን ዶክተሩ ካሜራ ይዞ መጣ፤ ለጥናት ነው አለ። እምቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ወንድሜ ትራሱን ተደግፎ "ለሌላ በሽተኛ ከጠቀመ አንሡኝ" አለ።

"በል ሙሽራው፣ ዛሬ እንኳ ቀና በል!" አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ እንደ እናታችን ጥብብ ይላሉ። ዶክተሩ ቀጭ አደረገው።

ወር ሳይሞላው ሞተ።

ሚስቱ እህል አልቀምስ ብላ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች፦ "ልጄ አባቷን በምን ታውቀው?" ልጅቷ ገና አፏን መፍታቷ ነው። ያ የሆስፒታሉ ፎቶ ትዝ አለኝና "አይዞሽ፣ እኔ አመጣልሻለሁ" አልኳት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሆስፒታሉ ብመላለስ ዘበኛው ነገ ይላል፣ ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ነው ትላለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ሙጭጭ አልኩ። በመጨረሻ ዶክተሩን ቢሮው በር ላይ ያዝኩት። የማን እህት እንደሆንኩ ስነግረው ፊቱ ፈካ።

"ጥናቱ ታተመ እኮ፣ እናቴ!"

"እንኳን ደስ አለዎት" አልኩት። ምን ልበል?

ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየኝ። አዎ፣ ወንድሜ ነው። ያ ጥርሱ፣ ያ አንገቱ። ዓይኖቹ ላይ ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ ጥቁር ነገር ተጋርዶባቸዋል።

"ይሄን ጥቁር ያንሡልኝና ይስጡኝ።"

"አይነሣም፣ እናቴ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ነው። ደንብ ነው።"

"ዋናው ፎቶስ?"

"አጥፍተነዋል። የታካሚን ምስጢር መጠበቅ አለብን።"

"ከማን ነው የምትጠብቁት? ከገዛ ልጁ?"

"እንዲህ ብሎ የመጣ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም" አለ ቀስ ብሎ።

"የእብጠቱስ ዋናው ፎቶ? እሱም ጠፋ?"

"እሱማ አለ" አለኝ። "በየአቅጣጫው አንሥተነዋል።"

ደሜ ፈላ። ክፉ ሰው ቢሆን ረግሜው እወጣ ነበር፤ ግን ክፉ አይደለም፣ የባሰ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ያንኑ ፎቶ በወፍራም ወረቀት አትሞ በሁለት እጁ ሰጠኝ። አመሰገንኩት ደግሞ! እስከ ዛሬ ያቺ ምስጋና ትቆጨኛለች።

ቤት ስደርስ ሚስቱ ፎቶውን አንዴ አየችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ልጅቷ ግን ሮጣ መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች።

"ማነው?"

"አባባ ነው፣ የኔ እናት።"

ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ በዚያች ትንሽ ጥፍሯ ጥቁሩን ትፈቀፍቀው ጀመር። ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ከዳር እስከ ዳር ፈቀፈቀችው። ጥቁሩ ተልጦ ሲያልቅ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ወጣ።

ቀና ብላ አየችኝ።

"የታለ?" አለችኝ።