ብብት ሥር ያደረ ጠርሙስ

«ጋሼ፣ እንዳይጠጡት!»

ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞረ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ያልወጣት የሟቹ ሚስት አፏን የፈታችው በዚህ መሆኑ ሰዉን ግራ አጋባው።

«የፈላ ነው እኮ» አለች የባሏ እህት፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች። «ኧረ በሞቴ፣ ዛሬም ስለ ውሃ?»

«መፍላቱንማ አይቻለሁ፣ እትዬ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትንም አይቻለሁ።»

ምን አደረገች? ወንድሟ ጠምቶት ስለነበር፣ የፈላው ቶሎ እንዲበርድ ከበርሜሉ ሁለት ጣሳ የወንዝ ውሃ ቸለስ አደረገችበት። እዚያ መንደር ይህን የማያደርግ የለም። ማገዶ ፈጅቶ፣ በጭስ ዓይኑን አጥፍቶ ያፈላውን መልሶ ጥሬ ማድረግ! ጉድ እኮ ነው።

ሟቹን ዕድሜውን ሙሉ ያንገበገበው ይኸው ነበር። የጤና ጣቢያው ውሃ መርማሪ ሲሆን፣ ሰው ግን «ባለ ጠርሙሱ» ይለዋል። መድኃኒት የነካው ወረቀት ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ከወንዙ ይቀዳል። ውሃው ውስጥ ከሰገራ የመጣ ባክቴሪያ ካለ፣ ሙቀት አግኝቶ ሲያድር ይጠቁራል። የማሞቂያ ማሽን ስላልተሰጠው ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞት ይውላል፤ ይዞት ያድራል።

«ሰው ሚስቱን ያቅፋል፣ አንተ ወንዝ ታቅፋለህ» ትለው ነበር ሚስቱ።

«ወንዙ አንድ ቀን ሲታቀፍ ጉዱን ያወጣል። አንቺን ሃያ ዓመት አቅፌሽ መች አወጣሽ?»

ሰዎች ሲያዩት «መጣላችሁ፣ ብርጭቆ ደብቁ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። ባለፈው ክረምት ተቅማጥ ሦስት ሕፃናት ሲወስድ ግን ማንም አልሳቀም። አንዷ የእህቱ የመጨረሻ ልጅ ነበረች። እሱም «ብያችሁ ነበር» አላለም፤ የሚቀዳውን ጠርሙስ ብቻ ጨመረ። ልቡ ድንገት ቀጥ ብላ ከመንገድ ሲያነሱት ብብቱ ሥር አንድ ጠርሙስ ተገኘ፣ ገና ሞቅ ያለ።

ወንድምየው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳው። «ጥርት ያለ ነው። ደግሞስ ወራጅ ውሃ ምን ይሆናል?»

«እናያለና።»

ሚስትየው ተነሥታ ከባሏ ቦርሳ ወረቀቱ ያለበት ባዶ ጠርሙስ አወጣች። ከወንድምየው ብርጭቆ ቀዳችና በባሏ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሰው ሁሉ እያያት ብብቷ ሥር ወሸቀችው። «እስከ ነገ እኔ ጋ ነው። እስከዚያ ከዚህ ውሃ ማንም አይቀምስም። ሐዘኔን ልትካፈሉ መጥታችሁ ሆዳችሁን ይዛችሁ አትሄዱም!»

«አበደች» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«ሐዘን ነው፣ ተዋት።»

በማግስቱ ሰዉ ከወትሮው በዝቶ መጣ፤ ለማጽናናት ይሁን ጠርሙሱን ለማየት እግዜር ይወቀው። እሷም አላስጠበቀችም። ጨርቁን ፈትታ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ውሃው ከሰል መስሏል።

ወንድምየው ሳያስበው ሆዱን ያዘ። እህቱ ግን ዓይኗን ከጠርሙሱ መንቀል አቃታት።

«አፍልቼ እኮ ነበር የማጠጣት» አለች ቀስ ብላ። «ለልጄ። አፍልቼ... አብርጄ...» ወደ ሚስትየው ዞረች። «ወንድሜ ያውቅ ነበር?»

ሚስትየው አልዋሸቻትም። «ያውቅ ነበር፣ እትዬ። የውሃውን ደጋግሞ ነግሮዎታል። የልጅቷን ሊነግርዎት ሲል ግን አንደበቱ እምቢ አለው። ማታ ማታ እሷን እያነሣ ያለቅስ ነበር።»

እህትየው ተነሣች። ሄዳ በርሜሉን ከነውሃው ደጅ ደፋችው። ማንቆርቆሪያውን አጥባ ከወንዙ አዲስ ውሃ ቀድታ ጣደች፤ እስኪንተከተክ ቆማ ጠበቀችና ክዳኑን ገጠመችበት። እንግዳ ጠማኝ ቢልም «ይበርዳል፣ ጠብቅ» እያለች፣ እጇን አጣጥፋ ማንቆርቆሪያው አጠገብ ተቀመጠች።

ውሃው በራሱ ጊዜ ሲበርድ ሚስትየው ከቦርሳው ሁለተኛ ጠርሙስ አውጥታ ሞልታ፣ በባሏ ጨርቅ ጠቀለለችና ወደ ብብቷ ልትወስደው ስትል እህትየው እጇን ዘረጋች።

«ይኼን ለኔ ስጪኝ።»

ተቀብላ ብብቷ ሥር አስገባችው፤ ክንዷንም ጥብቅ አድርጋ ገጠመችበት።