የተደበቀ መርዶ

ላቀች ከወገዳ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር የምትኖር፣ በለቅሶ ግጥሟ አገር ያወቃት ሴት ናት። ሰው ሲሞት የሟቹን ደግነትም ክፋትም ሳታስቀር በግጥም ታወጣዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ሬሳ ላይ ስታስለቅስ የኖረችው ይህች ሴት ለገዛ ልጇ ግን አንዲት ስንኝ አልወጣላትም። ሙሉቀን ይሙት ይኑር የሚነግራት አጥታ ነበርና።

ሙሉቀን የሄደው በነሐሴ 2013 ነው። ያኔ ጦርነቱ ጋይንት ገብቶ ነበር። የዘመቻ ኮሚቴው ሰብሳቢ እንዳልካቸው በገበያ ቀን መኪና ላይ ወጥቶ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲዘምት አዘዘ። እሱ ራሱ ከፊት እንደሚሰለፍ ተናገረ። እንዳልካቸው የሩቅ ሰው አይደለም። የዚያው መንደር ሰው የአያ ደጀኔ ልጅ ነው፤ ላቀች አፍንጫውን እየጠረገች ያሳደገችው። እሱ ካለ ብላ አመነች። ሙሉቀንን የሟች ባሏን ጋቢ አልብሳ፣ በሶ ቋጥራ ላከችው።

ከመንደሩ ስምንት ወጣቶች ወጡ። ሁለቱ መንገድ ላይ ለሌላ ጦር ተሰጥተው ከወራት በኋላ ተመለሱ፤ ስለ ቀሩት ስድስቱ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እንዳልካቸው ደግሞ አንድም ቀን ግንባር ሳይውል ከረመ። በኅዳር ሁለተኛ ዙር ተብሎ አምስት ልጆች ሲጨመሩ ያው መኪና ላይ ቆሞ፣ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ጀግንነት እየሠሩ መሆናቸውን አወራ። የጎረቤቷ የዓለምዬ ልጅ ደጉ የሄደው በዚህ ዙር ነው። የደጉን ሞት አንድ የቆሰለ ጓደኛው መጥቶ ስለተናገረ ዓለምዬ አልቅሳ ወጣላት። ላቀችና ሌሎቹ አምስት እናቶች ግን ከማልቀስም ከመጠበቅም ሳይሆኑ ቀሩ።

ጦርነቱ ቆመ ሲባል ላቀች ኮሚቴው ቢሮ ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። ዝርዝሩ ከበላይ አልመጣም ይሏታል። በሰባተኛው ቀን ስብሰባ ላይ ነው ተብላ በር ላይ ተቀምጣ ሳለች፣ እንዳልካቸው በጓሮ በር ወጥቶ መኪና ውስጥ ሲገባ አየችው። አይቷታል። አንገቱን ወደ ሌላ አዞረ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ደብረ ታቦር ተዛውሮ የተሻለ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

መሬቷን የሚያርሱላት አያ ደጀኔ ነበሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ በሬዎቻቸውን ነድተው ይመጣሉ፣ ገብስና ባቄላዋን ዘርተውላት፣ እህል እንኳ ሳይቀምሱ ይሄዳሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረጉ። ላቀች በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ትመርቃቸው ነበር።

በግንቦት 2015 አያ ደጀኔ ታመው አልጋ ያዙ። አንድ ቀን ከሰዓት ላቀችን አስጠሯትና ሰዉን ሁሉ ከቤት አስወጡ።

«ላቀች» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳይነቅሉ። «ሙሉቀን ሞቷል። አምስቱም ሞተዋል። ገና በሄዱ በሳምንታቸው ነው፣ ከጋይንት ተራራ ላይ።»

«ማን ነገረዎት?»

«እንዳልካቸው ነው ወረቀቱን የያዘው። ልጆቹ በሄዱ በወሩ፣ መስከረም ላይ ሊጠይቀኝ መጥቶ ኮቱን ሰቅሎ ተኛ። ከኪሱ ወደቀ። ድቁና ተምሬ የለ፣ ፊደል አያቅተኝ፤ የስድስቱንም ስም አነበብሁት። ብጠይቀው ጊዜው እስኪደርስ ለማንም እንዳትናገር አለኝ።»

ላቀች ያን ጊዜ አላለቀሰችም። እጇ ብቻ ነጠላዋን ጨምድዶ ያዘ።

«ለዚህ ነው የሚያርሱልኝ የነበረው?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«መስከረም ነው ያሉኝ። ዛሬ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ግንቦት። በየቀኑ በደጄ ያልፉ ነበር። ‹ሙሉቀን ዛሬም አልደወለም?› ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ።»

«ልጄ ነው፣ ላቀች። ምን ላድርግ? ልጄን አሳልፌ ልስጥ?»

«ሙሉቀንም ልጄ ነበር» አለችና ተነሣች። እግዜር ይማርዎትም አላለችም። ሽማግሌው በማግስቱ ሞቱ።

ላቀች በቀብሩ ዕለት ቄስ ገብረ ማርያምን ለብቻቸው አግኝታ የሰማችውን ነገረቻቸው። ለሙሉቀን ፍትሐት እንዲደረግለት ለመነች። ቄሱ ፊታቸው ተለወጠ፤ ሆኖም በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ የነገሩሽም አፈር ገብተዋል። ነገ ልጃቸው ይክዳል፣ አንቺን ሐሰተኛ ያደርጉሻል፤ ሌሎቹ እናቶችም አያምኑሽም። ወረቀቱን የያዘው ሰው በአፉ ይናገር።»

«ይናገራላ» አለች።

የሠልስቱ ዕለት ዳሱ ሞላ። እንዳልካቸው ከሦስት መኪና ሰው ጋር መጥቶ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ በሁለት ጠባቂዎች መካከል ቆሟል። ከየመንደሩ የመጣው ሰው እሱን ፈርቶም ሽማግሌውን ወድዶም ነው። ለቅሶው እንዲሞቅ ላቀች ትውጣ ተባለ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ከበቧት። ወደ መሀል ገባችና ስለ ሽማግሌው ቅንነት፣ ስለ በሬዎቻቸው፣ ስለ እርሻቸው አወጣች። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት። እንዳልካቸው መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ማሳዬን ያረሱ፣
የልጄን ሞት ይዘው አፈሩን ለበሱ።»

የሚቀበላት ጠፋ። ደረት የሚደቃው እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ።

«ምን አልሽ አንቺ?» አለች ከኋላ አንዲቱ እናት።

ላቀች ግጥሙን ትታ በተራ ንግግር ቀጠለች። «እንዳልካቸው፣ አባትህን አልቅሼልሃለሁ። ዕዳዬን ጨርሻለሁ። አሁን አንተ የእኔን መርዶ ንገረኝ።»

«እትዬ ላቀች፣ እባክዎ፤ ሐዘን ላይ ነን። ቢሮ ይምጡና እናወራለን።»

«ቢሮህ ሰባት ጊዜ መጥቻለሁ። በጓሮ ነው የወጣኸው።»

አንዱ ጠባቂ ወደ እሷ ሲራመድ ሴቶቹ አልተበተኑም፤ ይልቅ ተጠጋጉ። ላቀች መሬት ላይ ቁጭ አለች። አምስቱ እናቶች ተከትለው ተቀመጡ፤ ቀስ በቀስም ሴቱ ሁሉ ተቀመጠ። ዳሱ ውስጥ ለሟች የሚያለቅስ አንድም ሰው የለም። ለባለ ለቅሶ ከዚህ የከፋ ውርደት የለም፤ እንዳልካቸውም የዚያ አገር ልጅ ነውና ያውቀዋል። ዙሪያውን አየ። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ፤ የሚያስነሣለት ሽማግሌ አልተገኘም። ቄስ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ የምታውቀው ካለ ተናገር» አሉት። «ለነፍሳቸው የሚገባው አልተደረገላቸውም።»

«እኔ አይደለሁም የወሰንሁት» አለ እንዳልካቸው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መመሪያ ነበር። የሕዝቡ ሞራል እንዳይወድቅ ተብሎ ነው።»

«ሞቱ ወይስ አልሞቱም?» አለች ላቀች።

«መሥዋዕትነት...»

«የስብሰባ ቋንቋህን ተውና ንገረኝ። ሙሉቀን ሞተ?»

«ሞቷል። ስድስቱም ሞተዋል» አለ። ከዚያ መታገሥ አቅቶት ተቆጣ። «ያኔ ብነግራችሁ ለሁለተኛው ዙር ማን ይወጣልኝ ነበር? እስኪ ንገሩኝ! አገር በምን ይጠበቅ ነበር?»

ይህን እንዳለ ዓለምዬ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ድምፅ የማይሰማባት፣ ለብዙ ጊዜ ሰው ፊት ያልተናገረች ሴት ናት።

«ደጉ በሁለተኛው ዙር ነው የሄደው» አለች። «እነ ሙሉቀን በሕይወት አሉ ብለኸኝ። ተው አትሂድ ስለው፣ ጓደኞቼ እዚያ እየጠበቁኝ ነው ብሎ ነው ጥሎኝ የሄደ። ሬሳ ዘንድ ነው የላክኸው።»

ያን ጊዜ ነው ጩኸቱ የተነሣው። ስድስቱ እናቶች የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ወደቁ፤ የአያ ደጀኔ ሠልስት የስድስት ወጣቶች ለቅሶ ሆነ። ላቀችም ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ለልጇ ወጣላት፤ ድምፁ ከጉሮሮዋ ሲወጣ የራሷ አልመሰላትም። ማን ደግፎ እንዳነሣት እንኳ አታስታውስም። ጠባቂዎቹ እንዳልካቸውን በሰው መሀል እየገፉ መኪና ውስጥ አስገቡት። ድንጋይ የወረወረ የለም። የተሰናበተውም የለም።

ቅዳሜ የስድስቱ ልጆች ፍትሐት ተደረገ። ሰኞ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ላቀችን ሕዝብ በማነሣሣት ትፈለጊያለሽ ብለው ወሰዷት። የታሰረችበት ክፍል ጠባብና እርጥብ ነበር። የያዟት ሰዎች በሁለተኛው ቀን አንድ ወረቀት አምጥተው፣ የተናገርሁት በሐዘን ብዛት ነው ብለሽ ፈርሚ አሏት።

«በሐዘን ብዛት ነው፤ ግን እውነት ነው ብላችሁ ጻፉና እፈርማለሁ» አለች።

አልጻፉም፤ አልፈረመችም። ዓለምዬና እናቶቹ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንነሣም ስላሉ በሦስተኛው ቀን ለቀቋት። እንዳልካቸውን ግን የጠየቀው አካል የለም። ወንበሩም አልተነካበትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ላቀች ቤት መጡ። የላካቸው እንዳልካቸው ነው። ተጸጽቷል፣ ታርቂው፣ ለልጅሽ ተዝካር የሚሆን ሰንጋ አዘጋጅቷል አሏት።

«ሰንጋውን ይብላው» አለች ላቀች። «ከታረቀ እኔን ብቻ አይደለም የሚታረቀው። ያን ወረቀት ይዞ ሕግ ፊት ይቁም። ማን እንዳዘዘው፣ ማን እንደደበቀው፣ ማን ዓለምዬን እንደዋሻት ይናገር። የበላይ ከነበረም ስሙን ይጥራ። ከዚያ በፊት ስሙን በቤቴ አታንሡብኝ።»

«ሰው ይሳሳታል፣ ላቀች» አሉ አንደኛው።

«እናንተ ልጃችሁን ሰጥታችሁ ነበር?»

የሽማግሌው ልጅ በዚያ ዘመን በኮሚቴው ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ቤቱ ቀርቶ ነበር። ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ፤ ላቀችም አልሸኘቻቸውም።

ወሬው ግን አልቆመም። በሰኔ መጀመሪያ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ካለ ገጠር ሁለት ሴቶች የላቀችን ቤት ጠይቀው መጡ። አንዷ ዓለሚቱ የምትባል ናት፤ ሁለት ልጆቿ በዚያው ነሐሴ ዘምተው ቀርተዋል። እዚያም ቢሆን ዝርዝሩ ከበላይ አልመጣም ይባላል።

«ይህ ሰውዬ የት ነው የሚቀመጥ?» አለች ዓለሚቱ። «የእኛንም ስም ሳይዝ አይቀርም፤ ባይዝም የያዘውን ያውቃል።»

ላቀች አሁን ለሚያርስላት ለወንድሟ ልጅ ይዛለት የነበረውን ሞፈር አስቀምጣ እጇን ታጠበች። ደብረ ታቦር ከሚመላለሱ ሰዎች የሰማችውን፣ የአዲሱን ቢሮውን ፎቅ፣ የጥበቃውን ባሕርይ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚገባ ነገረቻቸው። የጓሮ በር ይኑረው አይኑረው እንደማታውቅም ነገረቻቸው።

«አምስት ስድስት ብንሆን ይሻላል» አለች ቀጥላ። «በየበሩ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ዓለምዬን ልጥራትና ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንሂድ።»