የኋለኛው ክፍል በር

የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም ወንበር ላይ ቆሞ የቀዘቀዘ ሻይ ኮርኒሱ ላይ ይረጭ ነበር። እህቱ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛለታለች። በሐሳቡ ተስማምታ አይደለም፤ የወንበሩ አንድ እግር ስለሚነቃነቅ ነው።

"እስቲ እዪው፣ ዝናብ ያፈሰሰበት አይመስልም?" አለ ወደ ላይ አንጋጦ።

"ሻይ የተደፋበት ነው የሚመስለው።"

"ስደፋ ስላየሽኝ ነዋ!"

"ዝናብ ከላይ ነው የሚመጣው የኔ ጌታ። ያንተ ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ ወጥቷል።"

ወረደና ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል። መኪናው ከቆመ ወዲህ ብዙ ነገር ትቷል።

ቤቱን የሠሩት አባታቸው ናቸው። ወንድሟ የጭነት መኪና ለመግዛት ከባንክ ሲበደር፣ ሁለቱም ፈርመው በመያዣነት ሰጡት። መኪናው በወጉ ሠርቶ ሳይጠግብ ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ክፍያው ተዘለለ፣ ደግሞ ተዘለለ፣ ማስጠንቀቂያ መጣ፣ በመጨረሻም የሐራጅ ማስታወቂያው የግቢው በር ላይ ተለጠፈ።

ወንድሟ ግን እጅ አልሰጠም። ቤት ለቤት እየዞረ ማንም እንዳይጫረት ጎረቤቱን ሁሉ አስማለ። ከሌላ ሰፈር ለሚመጣ ሰው ደግሞ ሻዩን አዘጋጀ፣ አምፖሎቹን ነቀለ። ዋናው ተስፋው የኋለኛው ክፍል ነበር። ከቤቱ ሁሉ ሰፊውና ብርሃን ያለው እሱ ነው፤ እህቱም የምትሰፋው እዚያ ነው። በሩ ግን ሲገጠም ዘንበል ብሎ ስለቀረ፣ ዘዴውን ለማያውቅ ሰው ንቅንቅ አይልም። አባታቸው ስህተታቸውን ላለማመን፣ "ሆን ብዬ ነው፤ ሌባ እንዳይገባ" ይሉ ነበር።

"ቁልፉ ጠፍቷል እላቸዋለሁ፣ አንቺ ዝም በይ" አላት። "ያላየውን ክፍል የሚገዛ ማን አለ? ገዢ ከጠፋ ባንኩ የት ይደርሳል? ቁጭ ብሎ ይደራደራል።"

"እሺ" አለች። ከመከራከር ይልቅ እሺ ማለት ከቀለላት ቆይቷል።

የግቢው በር ተንኳኳ። የባንኩ ሠራተኛ፣ ቤቱን ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት አስከትሎ ገባ። ወጣት ነው። ያልቆሸሸ ጫማውን ደጋግሞ ምንጣፉ ላይ ይጠርጋል፤ ቀና ብሎ ፊቷን ማየት የከበደው ይመስላል።

"ይቅርታ እትዬ፣ ሥራ አስፈታንዎት።"

"ግዴለም ልጄ፣ ግቡ።"

ወንድሟ ወዲያው የባልየውን ክንድ ይዞ ኮርኒሱን ያሳየው ጀመር። የቤት ደላላ ቢያየው በሳቅ ይሞታል።

"እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ ክረምት ሲገባ ባልዲ ነው የምንደረድረው። ምስጡንማ ተወው! ማታ ማታ ሲያኝክ ይሰማል።"

እህቱ ወደ ባንኩ ሠራተኛ ጠጋ አለች። "ገዢ ባይገኝስ?"

"ሁለተኛ ሐራጅ ይወጣል።"

"በዚያም ባይገኝ?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባንኩ በመነሻ ዋጋው ራሱ ይረከበዋል። መነሻው ደግሞ ዕዳውን አይሸፍንም፤ የቀረውን ከእናንተው ይጠይቃል። በደህና ዋጋ ከተሸጠ ግን ዕዳው ይዘጋል፤ የተረፈ ካለ የእናንተ ነው።" ትንሽ አመነታና ጨመረ፦ "ለወንድምዎ እኮ ነግሬዋለሁ።"

ለእሷ አልነገራትም። ዞር ብላ አየችው። ግንባሩን አልቦት ስለ ምስጥ ያወራል። ልጅ ሳለ የሰበረውን ሳህን አልጋ ሥር ደብቆ፣ አልጋው ላይ የተኛ መስሎ ሲጠብቅ የነበረበት ያ ፊቱ ነው። ልትቆጣው ፈለገች፤ ለቁጣም አቅም ያስፈልጋል።

ሚስትየው የኋለኛው ክፍል በር ዘንድ ደርሳ ገፋችው። ባልየውም ገፋ።

"እሱን ተዉት" አለ ወንድሟ። "ቁልፉ ጠፍቷል። ዕቃ ማጎሪያ ነው፣ ጨለማ።"

"እንግዲያው ሁለት ክፍል ብቻ ነዋ" አለ ባልየው ወደ ሚስቱ ዞሮ። "አይበቃንም። በይ እንሂድ።"

ሚስትየው ግን አልተንቀሳቀሰችም። የልብስ ሰፊዋን ቀሚስ እያየች ነበር።

"እትዬ፣ ቀሚስዎ ላይ ክር አለ። የት ነው የሚሰፉት?"

ወንድሟ ዓይኑን ተከለባት።

"እታለም…" አለ ቀስ ብሎ።

ክሩን ከቀሚሷ ላይ አንስታ በጣቷ ጠቀለለችው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች።

"ቁልፍ የለውም" አለች። "ኖሮትም አያውቅም።"

እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ በትከሻዋ ገፋችው። በሩ አንዴ አጉረምርሞ ተከፈተ። የመስኮቱ ብርሃን የስፌት መኪናዋን፣ የተቆረጠውን ጨርቅና የአባቷን የቀለም ባልዲ፣ አሁን መቀመጫዋ የሆነውን፣ ሁሉንም አሳየ። ባልየው በመገረም ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ገባ።

"የአባባን ቤት…" አለ ወንድሟ ከኋላዋ።

"ደከመኝ የኔ ጌታ" አለችው። "አንተም ደክሞሃል።"

የሚነቃነቀው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። የሚይዝለት አልነበረም።

"ጣሪያውስ?" አለች ሚስትየው፣ ሁለቱን እያየች። "በጣም ያፈሳል?"

"አያፈስም። ሻይ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሚስትየው ልትስቅ ነበር፤ ወንድምየውን አየችና ተወችው።

ባልየው ከክፍሉ ሲወጣ ልብስ ሰፊዋ በሩን መልሳ ዘጋችው። ሁሉም ግራ ተጋብተው አዩዋት። የሚስትየውን እጅ ያዘችና እጀታው ላይ አስቀመጠችላት።

"መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ከዚያ በትከሻሽ" አለቻት። "በይ፣ አሁን አንቺ ሞክሪው።"