የቀድሞ ምራቷ አድራሻ

ኡምሱናይ ከሙርጋብ ተራሮች ወርዳ፣ ድንበር ተሻግራ፣ ጎረቤት አገር ያለችው ኦሽ ከተማ ስትገባ ወገቧ ከመኪናው እንግልት ገና አላገገመም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አሁን ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ያክ የሚባሉትን ጸጉራም ከብቶች ሱፍ እየፈተለች ብርድ ልብስ ትሠራለች።

ሥራቸውን የወደደች አንዲት የስዊዘርላንድ ነጋዴ ነበረች። ችግሩ ክፍያው ነው። ገንዘቡ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ያገኘው እጅ ሁሉ እየቆነጠረው ሴቶቹ ጋ የሚደርሰው ፍርፋሪው ነበር። ነጋዴዋም "ኦሽ ወርደሽ በስምሽ የዶላር ሂሳብ ክፈቺ፤ በቀጥታ እልክልሻለሁ" አለቻት። ሴቶቹ ተሰብስበው "አንቺ ቢሮ አትፈሪም" ብለው ላኳት።

እውነት ነው፤ ቢሮ አትፈራም። ኦሽ ውስጥ የምትፈራው አንድ በር ብቻ ነበር፤ የቡሩልቻ በር።

ቡሩልቻ የልጇ የታላንት ሚስት ነበረች። እናትና አባት ሳታውቅ ያደገች ልጅ ስለነበረች ኡምሱናይን "እማ" ብላ የጠራቻት ከልቧ ነበር። ታላንት ግን ለሥራ ብሎ ሞስኮ ሄደና እዚያው ሌላ አግብቶ ይችን በስልክ ፈታት። ቡሩልቻ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ኡምሱናይ መኪናው ድረስ አልቅሳ ሸኘቻት። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። ኦሽ ውስጥ ሌላ ባል አግብታ እንደምትኖር ሰምታለች፤ ቤቷ የት እንደሆነም ታውቃለች። ግን ልጇ ያደረገውን እያሰበች "በምን ዓይኔ አያታለሁ?" እያለች ቀረች።

የመጀመሪያው ባንክ ለውጭ አገር ሰው ሂሳብ የሚከፍተው ብዙ ገንዘብ ለሚያስቀምጥ ብቻ እንደሆነ ነገራት። ሁለተኛው ይከፍታል፤ ግን በየወሩ የሚቆርጠውን ስትሰማ ሳቋ መጣ።

"ልጄ፣ እኛ ያኮቹን አልበን ለእናንተ ልናመጣ ነው እንዴ?" ብላ ወጣች።

ሦስተኛው ገበያው ጀርባ ያለ ትንሽ ባንክ ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ፓስፖርቷን አገላብጣ አየችና "መክፈቻው በነጻ ነው። በዓመት አንዴ ትንሽ ነገር ይቆረጣል፣ ሌላ የለም" አለቻት።

"ተባረኪ! በይ ክፈቺው።"

"የሌላ አገር ሰው ስለሆኑ መጀመሪያ ከግብር ቢሮ ቁጥር ያመጣሉ። ከዚያ ኦሽ ውስጥ ያረፉበት ቤት ባለቤት መጥቶ 'አዎ፣ እኔ ጋ ነው ያረፉት' ብሎ ይፈርማል።"

"የሆቴል ደረሰኝ አይበቃም?"

"አይበቃም፣ እናቴ። እዚህ ዘመድ የለዎትም?"

ኡምሱናይ ፓስፖርቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ነበረኝ" አለች በመጨረሻ።

እግሯን እየጎተተች ወደ ቡሩልቻ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተላት ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ እጁ በሊጥ የተለወሰ ጎልማሳ ነው።

"ማንን ፈልገው ነው?"

"ቡሩልቻን... ኡምሱናይ እባላለሁ፣ ከሙርጋብ። እኔ እንኳ የቀድሞ..."

ሰውዬው አላስጨረሳትም። "እርስዎ ነዎት? እኔን አሳሬን የሚያሳዩኝ? ሻዩ ሲቀጥን 'የእማ ሻይ እንዲህ አይደለም'፤ ሊጡ ሲከብድ 'እማ ብታይህ ታዝንልህ ነበር'! ኢሊያዝ እባላለሁ፣ ይግቡ!" ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ። "ቡሩልቻ! እናትሽ መጥተዋል!"

ቡሩልቻ ሕፃን እንዳቀፈች ብቅ አለች። ኡምሱናይን ስታይ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ ልጁን ለባሏ አስታቅፋ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሕፃኑ ከነሊጡ ታቀፈ።

"እማ፣ ላስጠራዎት ፈልጌ እኮ አፈርኩ" አለች እያለቀሰች። "የእርስዎ ያልሆነ የልጅ ልጅ ወልጄ ምን ብዬ ልጥራዎት?"

"አንቺ ታፍሪያለሽ? እኔ ነኝ እንጂ የማፍረው! ያን ልጅ የወለድኩት እኔ!"

"ታላንት ፈታኝ እንጂ እርስዎ መቼ ፈቱኝ?" አለች ቡሩልቻ።

ኡምሱናይ ግንባሯን ሳመቻት። የመጣችበትን ጉዳይ ስትነግራቸው ኢሊያዝ ሳቀ። "ለአድራሻ ነው እንዲህ መንገድ ለመንገድ የተንከራተቱት? ሻንጣውን ከሆቴል አመጣለሁ። እዚህ ሳያድሩማ በሐሰት አንፈርምም!"

በማግስቱ የግብር ቢሮውን ጨርሰው ባንኩ ጋ ተሰለፉ። ወጣቷ ቡሩልቻን "ለእሳቸው ምናቸው ነሽ?" ስትላት ኡምሱናይ "የቀድሞ ምራ..." ብላ ጀመረች፤ ቡሩልቻ ቀደመቻት።

"ልጃቸው ነኝ።"

"ግን የአባታችሁ ስም አይገጥምም።"

"ስለ አባት ማን አወራ? እኔ ያልኩሽ እናቴ ናቸው ነው።"

ወጣቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "እኔ 'የቤት ባለቤት' ብዬ ነው የምጽፈው፤ ቀሪውን እናንተ ታውቃላችሁ" አለችና ማኅተሟን መታች። ሂሳቡ ተከፈተ። ኡምሱናይ "ከሁለት ባንክ ተባርሬ አንቺ ጋ መድረሴ አላህ ሳይደግስ አይጣላም ማለት ነው" ብላ ወጣቷን መረቀቻት።

ማታ ቡሩልቻ ጓዳ ገብታ በጨርቅ የተሸፈነ፣ የሚወዛወዝ የእንጨት አልጋ አወጣች። ሕፃኑ እስካሁን አልተኛበትም። በአገሩ ልማድ ልጅን መጀመሪያ አልጋው ላይ የምታስተኛው አያት ናት፤ የኢሊያዝም እናት ሞተዋል። ጎረቤት ያሉ ባልቴት እኔ ላስተኛው ቢሏት ቡሩልቻ ዛሬ ነገ ስትል ነው የቆየችው።

"ማንን እንደምጠብቅ እንኳ በደንብ አላውቅም ነበር" አለች። "እርስዎ ያስተኙልኝ፣ እማ።"

ኡምሱናይ እጇን ታጥባ ልጁን ተቀበለች። አስተኝታ፣ እንዳይወድቅ መታሰሪያውን አስራ፣ "አልጋው ይቀፍህ፣ ዕድሜህ ይርዘም፣ እናትህን የምታኮራ ሁን" ብላ መረቀችው። በኋላ ሻይ ሲቀዳ ድምፅዋ እየተቆራረጠ "ለወረቀት መጥቼ ልጅ ሰጣችሁኝ" አለቻቸው። ኢሊያዝም የዐይኑን እንባ "ሽንኩርት ነው" አለ፤ ሽንኩርት ግን በቤቱ አልነበረም።

ነጋዴዋ የላከችው ክፍያ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማንም ሳይቆነጥረው ገባ። ኡምሱናይ ሙርጋብ ደውላ ስታበስር የሴቶቹ እልልታ ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ።

አገሯ ስትመለስ ሁሉም ስለ ዶላሩ ለመስማት ከበቧት። እሷ ግን "ቆይ፣ እሱን በኋላ። መጀመሪያ የልጁን ጉንጭ ልንገራችሁ!" ብላ ጀመረች።